አደራና ጠያቂው፦ የባለአደራነት ትርጉምና አገልግሎት በሕግና በመንግሥት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው አንድ ቃል ነው፤ እርሱም አደራ ነው። መንገደኛ ሲነሣ ቤቱን ለጎረቤቱ አደራ ይላል። በሞት አፋፍ ላይ ያለች እናት ልጇን ለእኅቷ አደራ ትሰጣለች። በጽሑፍ የሰፈረ ውል የለም፤ ብዙ ጊዜ ምስክርም አይቆጠርም። ሆኖም የተቀበለውን አደራ ያጠፋ ሰው «አደራ በላ» ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ስም ማግኘትም ያዳግታል። ሌባ የሚወስደው ገንዘብ ነው፤ አደራ በላ ግን ገንዘቡን የሚወስደው በገዛ ባለቤቱ እጅ ከተሰጠው በኋላ ነው።

ይህ ቃል ከጎረቤትና ከቤተ ዘመድ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ምክር ቤትና ወደ ዓለም አቀፍ ሸንጎ ሲገባ ምን ትርጉም ይይዛል? ዛሬ ለመመለስ የምሞክረው ይህንን ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ላስታውቅ። ባለአደራነት ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ የሚቆም ግንኙነት ነው። አንደኛ፣ ባለአደራው በሌላ ሰው ንብረት ወይም ጉዳይ ላይ ሥልጣን አለው። ሁለተኛ፣ ያንን ሥልጣን ለራሱ ጥቅም ማዋል አይችልም። ሦስተኛ፣ ሒሳብ የሚጠይቀው አለ። ስለ ባለአደራነት ብዙ ሲነገር የምንሰማው ስለ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው፤ እርሱ ሲጎድል ሁለቱ ባዶ ቃል ሆነው እንደሚቀሩ የሚያሳይ፣ አገራችን ራሷ ከሳሽ ሆና የቆመችበት ታላቅ ክርክር ስላለ።

፩. ቃሉና ዘመዶቹ

የሕግ ተማሪ በመጀመሪያ አደራን ከዘመዶቹ መለየት ይኖርበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አደራን በአንድ ቦታ ብቻ አያነሣም። ስለ ልዩ ልዩ ውሎች በሚናገረው ክፍል ውስጥ፣ ዕቃን ተቀብሎ የመጠበቅና የመመለስ ውል አለ። በዚህ ውል ተቀባዩ ጠባቂ ነው፤ ሳይፈቀድለት በዕቃው ሊገለገል አይችልም፤ ግዴታው እንደተቀበለ መመለስ ነው። ይህ ከዕለት ተዕለት ኑሯችን አደራ ጋር የሚገጥም ነው።

ከዚህ ሌላ ሕጉ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ የሚደነግገው ጠለቅ ያለ የአደራ ዓይነት አለ። አንድ ሰው በስጦታ ወይም በኑዛዜ የተወሰነ ንብረት ለይቶ፣ ለአንድ ተጠቃሚ ወይም ዓላማ እንዲውል፣ በባለአደራ እጅ እንዲተዳደር ያደርጋል። እዚህ ላይ ባለአደራው የሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን የሚያስተዳድር ነው፤ ያከራያል፣ ይሰበስባል፣ ይከፍላል፣ በፍርድ ቤት ይሟገታል። በውጭ ለሚያየው ሰው ባለቤት ይመስላል። ባለቤት ግን አይደለም። ሕጉ ንብረቱን ራሱን የቻለ አካል አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ የባለአደራው የግል አበዳሪዎች ሊነኩት አይችሉም።

ይህ አፈጣጠር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የሕጉ አርቃቂ ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ የንጽጽር ሕግ ሊቅ ነበሩ፤ ያደጉበት የሕግ ሥርዓት ደግሞ ለአንድ ንብረት በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ባለቤትነት መስጠትን አይቀበልም። የእንግሊዝ ሕግ አደራን የሚያየው ግን በሕግ የባለአደራው፣ በርትዕ የተጠቃሚው እንደሆነ ንብረት ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ንብረቱን ራሱን ነጻ አካል በማድረግ ባለቤትነትን ሳይከፍል የአደራን ጥቅም አስገኘ።

ሌሎቹ ዘመዶች ውክልናና ሞግዚትነት ናቸው። ተወካይ የሚሠራው ሕያውና ለአካለ መጠን የደረሰ ባለጉዳይ በሰጠው ሥልጣን ነው፤ ባለጉዳዩም በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊያነሣ ይችላል። ሞግዚት ግን የሚሾመው ራሱን ችሎ ሕጋዊ ተግባር መፈጸም ለማይችል ሰው ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ሁለት ኃላፊዎችን ያውቃል፤ አሳዳሪው የልጁን አካልና አስተዳደግ፣ ሞግዚቱ ንብረቱንና ገንዘባዊ ጥቅሙን ይጠብቃሉ። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ሥልጣናቸው ያበቃል።

በውክልናና በሞግዚትነት መካከል ያለው ልዩነት ለኋላው ክርክራችን መሠረት ስለሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ላጽናው። ውክልና ባለቤቱን ዐዋቂ አድርጎ ያያል፤ ሞግዚትነት ልጅ አድርጎ ያያል። መንግሥት «የሕዝብ ባለአደራ ነኝ» ሲል ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

፪. ከገበያ የተገኘ ሕግ

ሁለተኛውን ነገር፣ ማለትም ለራስ ጥቅም አለማዋልን፣ እ.ኤ.አ. በ1726 በእንግሊዝ አገር ከተወሰነ አንድ መዝገብ የተሻለ የሚያስረዳ አላውቅም። ጉዳዩ ኪች በሳንድፎርድ ላይ በሚል ስም ይታወቃል። ለንደን አጠገብ ሮምፎርድ በተባለ ቦታ የሚገኝ ገበያ የኪራይ መብት ለአንድ ሕፃን ጥቅም በባለአደራ እጅ ነበር። የኪራዩ ዘመን ሊያበቃ ሲል ባለአደራው ለሕፃኑ እንዲታደስ አከራዩን ጠየቀ። አከራዩ ከሕፃን ጋር ውል አልገባም አለ። በዚህ ጊዜ ባለአደራው ኪራዩን በራሱ ስም አደሰ።

እንግዲህ በቅን ልቡና እንመርምረው። ሕፃኑ ኪራዩን ማግኘት አይችልም ነበር፤ አከራዩ እንቢ ብሏልና። ባለአደራው ከሕፃኑ የነጠቀው ነገር ያለ አይመስልም። ሎርድ ቻንስለር ኪንግ ግን ባለአደራው ኪራዩን ለሕፃኑ እንዲይዝና ያገኘውንም ትርፍ እንዲያስረክብ ፈረዱ። ከሰው ሁሉ መካከል ያን ኪራይ መውሰድ የማይፈቀድለት ባለአደራው ብቻ መሆኑ እንግዳ ሊመስል እንደሚችል አልካዱም። ነገር ግን ይህ ከተፈቀደ፣ ማናቸውም ባለአደራ ውሉን ለተጠቃሚው ለማሳደስ በሙሉ ልቡ እንደማይደክም ተገነዘቡ።

የዚህ ፍርድ ጥበብ ባለአደራው ሌባ መሆኑን ማረጋገጥ አለማስፈለጉ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ስርቆትን ብቻ አይደለም፤ ልብ ለሁለት የሚከፈልበትን ሁኔታ ጭምር ነው። የእኛም ሕግ ተወካይ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከጉዳዩ ጥቅም እንዳያገኝ ሲያዝ፣ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎችና ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገደደበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሹሙ ሰርቋል ተብሎ አይደለም፤ የአደራና የግል ኪስ ድንበር እንዲታይ ነው እንጂ።

፫. እንደራሴና ሕዝብ

ከግል ንብረት ወደ መንግሥት ስንሻገር የራሳችን ቋንቋ ራሱ መንገድ ይመራናል። እንደራሴ የሚለው ቃል «እንደ ራሴ» ከማለት የመጣ ነው። በታሪካችን እንደራሴ ንጉሡን ተክቶ የሚሠራ ሰው ነበር። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ለልጅ ኢያሱ፣ ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ራስ ተፈሪ መኮንን ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በእንደራሴነት ሠርተዋል። ዛሬ ይህንኑ ቃል ለሕዝብ ተወካዮች እንጠቀምበታለን። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። «እንደ ራሴ ሁን» የሚለው ድሮ ንጉሡ ነበር፤ ዛሬ ሕዝቡ ነው።

በአውሮፓ ይህን ለውጥ በግልጽ ከተናገሩት አንዱ ጆን ሎክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1689 በታተመው ስለ መንግሥት በጻፈው ድርሳኑ፣ የሕግ አውጪው ሥልጣን ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ አደራ እንደሆነና አደራው ሲፈርስ ሥልጣኑ ወደ ሰጪው ወደ ሕዝቡ እንደሚመለስ ተከራከረ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1774 ለብሪስቶል መራጮቹ ባደረገው ንግግር ሌላ ገጽታ አሳየ። ተመራጭ የመራጮቹን ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ብቻ አይደለም፤ የራሱን የታመነ ፍርድ ሊሰጣቸው ይገባል አለ። ብሪስቶሎች ሰሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1780 ግን መቀመጫውን አጣ።

ከሁለቱ የምንወስደው ትምህርት አይጋጭም። ባለአደራ የራሱን ማስተዋል ካልተጠቀመ ባለአደራነቱ ምን ሊረባ ነው? ነገር ግን ማስተዋሌን ልጠቀም ያለ ሰው፣ በመጨረሻ ለባለቤቱ ፍርድ ራሱን ማቅረብ አለበት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ደንግጎ፣ ተገዥነታቸውን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው አድርጓል። እዚያው አንቀጽ ላይ ደግሞ መራጩ አመኔታ ሲያጣ ተመራጩን ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ኅሊናው የበርክ ነው፤ ማንሣቱ የሎክ ነው።

የባለአደራ መንግሥት የሚባለውም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው። በአንቀጽ 60 መሠረት ምክር ቤቱ ሲበተን ሥልጣን ላይ የነበረው ወገን የዕለት ተዕለት ሥራን ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ በቀር አዲስ አዋጅ፣ ደንብና ድንጋጌ ማውጣት፣ ነባሩንም መሻር ወይም ማሻሻል አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሒሳብ የሚጠይቀው ምክር ቤት በሌለበት ጊዜ ሥልጣኑም በዚያው ልክ ይጠብባል።

፬. «የተቀደሰው አደራ» በሔግ ችሎት ፊት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሸነፉት መንግሥታት ግዛቶች ለአሸናፊዎቹ እንደ ምርኮ እንዲከፋፈሉ በግልጽ ማወጅ ነውር ሆኖ ተገኘ። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን በአንቀጽ 22 የእነዚህን ሕዝቦች ደኅንነትና እድገት «የሥልጣኔ የተቀደሰ አደራ» ብሎ ሰየመው። ግዛቶቹም ለልዩ ልዩ መንግሥታት በአደራ ተሰጡ። የጀርመን ቅኝ ግዛት የነበረችው ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ለደቡብ አፍሪካ አስተዳደር ተሰጠች። የአደራው ሰነድ ባለአደራው የነዋሪዎቹን ቁሳዊና ሞራላዊ ደኅንነት በሚቻለው ሁሉ እንዲያሳድግ ያዘዋል። በየዓመቱም ለማኅበሩ ዘገባ ማቅረብ ነበረበት።

በአማርኛ ይህንን አስተዳደር ብዙ ጊዜ «የሞግዚት አስተዳደር» እንለዋለን። ትርጉሙ ከታሰበው በላይ እውነቱን ይናገራል። ሥርዓቱ እነዚያን ሕዝቦች እንደ ልጅ ይቆጥር ነበርና። ልዩነቱ፣ ልጅ መቼ ለአካለ መጠን እንደሚደርስ ሕግ ይወስናል፤ ሕዝብ መቼ «እንደሚደርስ» ግን የሚወስነው ሞግዚቱ ራሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1946 የመንግሥታት ማኅበር ፈረሰ። አብዛኞቹ ግዛቶች ወደ ተባበሩት መንግሥታት የባለአደራነት ሥርዓት ተዛወሩ። ደቡብ አፍሪካ እንቢ አለች። ሒሳብ ተቀባዩ ስለሞተ ሒሳቡም ቀርቷል የሚል ነበር ክርክሯ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 በሰጠው የምክር አስተያየት አደራው እንዳልቀረና ደቡብ አፍሪካ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥጥር ሥር እንደምትሆን ገለጸ። ደቡብ አፍሪካ አልተቀበለችም፤ የአፓርታይድንም ሥርዓት በዚያች ምድር ላይ ዘረጋች።

በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ተነሡ። ሁለቱም የመንግሥታት ማኅበር አባላት የነበሩ የአፍሪካ አገሮች ናቸው፤ ኢትዮጵያ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። የአደራው ሰነድ በአፈጻጸሙ ላይ ከሌላ የማኅበሩ አባል ጋር ክርክር ሲነሣ ጉዳዩ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንዲታይ ይፈቅድ ስለነበር፣ ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 1960 ክሳቸውን በሔግ አቀረቡ። በ1962 ችሎቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው በስምንት ለሰባት ድምፅ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ዓመታት የፈጀ የጽሑፍና የቃል ክርክር ተካሄደ።

ሐምሌ 18 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ፍርዱ ተነበበ። ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው ነበር፤ የፕሬዚዳንቱ የሰር ፐርሲ ስፔንደር ድምፅ ሚዛኑን ደፋ። ፍርዱ ደቡብ አፍሪካ አደራዋን አልበላችም አላለም። በልታለችም አላለም። ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም ስለሌላቸው ሊጠይቁ አይችሉም፤ ባለአደራው ተጠያቂ የነበረው ለማኅበሩ እንጂ ለአባላቱ ለየራሳቸው አይደለም አለ። ማኅበሩ ደግሞ ከፈረሰ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር።

እስቲ ይህን ውጤት በዕለት ተዕለት አነጋገር እናስቀምጠው። አደራ አለ። ባለአደራ አለ። ተጠቃሚ ሕዝብ አለ። የሚጠይቅ ግን የለም። ጃፓናዊው ዳኛ ታናካ ሰፊ በሆነው የልዩነት ሐሳባቸው፣ በዘር መለያየት ከእኩልነት መሠረት ጋር እንደማይስማማ ዘርዝረው አስረዱ፤ ሐሳባቸው ዛሬም በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይነበባል። ይሁን እንጂ የዚያን ቀን ፍርድ አልነበረም።

የቀረውን ታሪክ ባጭሩ ልናገር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጠቅላላ ጉባኤው በውሳኔ ቁጥር 2145 የደቡብ አፍሪካን ባለአደራነት ሻረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍርድ ቤቱ በምክር አስተያየቱ የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገ ወጥ መሆኑን አረጋገጠ። ናሚቢያ ነጻ የወጣችው ግን መጋቢት 21 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ነው። ከሔጉ ፍርድ እስከ ነጻነት ሃያ አራት ዓመት መፍጀቱ ነው።

ከጎረቤታችን ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የቀድሞዋ የጣሊያን ሶማሊላንድ እ.ኤ.አ. በ1950 በተባበሩት መንግሥታት የባለአደራነት ሥርዓት ሥር ለጣሊያን ተሰጠች። እ.ኤ.አ. በ1935 የወረረችንን ጣሊያንን በአጠገባችን ባለአደራ ማድረግ ለኢትዮጵያውያን ምን ያህል መራራ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ነገር ግን በዚህኛው አደራ ውስጥ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ያልነበሩ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የአሥር ዓመት ገደብ፣ እንዲሁም ከኮሎምቢያ፣ ከግብፅና ከፊሊፒንስ የተውጣጣ በሞቃዲሾ የተቀመጠ አማካሪ ምክር ቤት። አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1960 አበቃ። ጣሊያን ከደቡብ አፍሪካ የተሻለች ቅን ባለአደራ ነበረች ለማለት አይደለም። ቀን የተቆረጠለትና በቅርብ የሚያይ ዓይን ያለበት አደራ፣ በባለአደራው ቅንነት ላይ ብቻ አይንጠለጠልም ለማለት ነው።

፭. በራሳችን ሕግ ውስጥ

በመጨረሻ ይህን ትምህርት ወደ አገራችን ሕግ ልመልሰው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በሕዝብ ስም ይዞ ለሕዝቡ የጋራ ጥቅምና ልማት እንዲውል የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። አደራ የሚል ቃል ባይኖርም፣ ከአደራ በቀር ሌላ ስም የሚሰጠው አይመስለኝም። ባለቤት አለ፤ በስሙ የሚይዝ አለ፤ የሚውልበት ዓላማ አለ።

ሦስተኛውስ? ጠያቂው ማን ነው? አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም እንዲጠየቅ ያዛል። በአንቀጽ 101 የተቋቋመው ዋና ኦዲተር ሒሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። እነዚህ ግን መንግሥት ራሱን በራሱ የሚጠይቅባቸው መንገዶች ናቸው። ተራው ዜጋ የጋራ ሀብቱ ያለአግባብ ተላልፏል ብሎ ወደ ችሎት ቢመጣ የሚያገኘው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33ን ነው፤ በክርክሩ ነገር ላይ ጥቅም ወይም መብት የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም። የእርሻ ማሳው የተወሰደበት ገበሬ የራሱ ጥቅም ተነክቷልና ይሰማ ይሆናል። የመንደሩ የወል ግጦሽ፣ የከተማው ክፍት ሜዳ ወይም ደኑ ሲሆንስ? የሁሉም የሆነ ነገር የማንም ለየራሱ አይደለም ከተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በሔግ ኢትዮጵያን ከደጅ የመለሰው ክርክር በገዛ ችሎታችን ዜጋውን ይመልሰዋል ማለት ነው።

መፍትሔው ግን ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የራሱን ጥቅም ማስረዳት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ ውሳኔ ቢያጣ ወይም በውሳኔው ባይረካ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች ወክሎ ፍትሕ መጠየቅን ያውቃል። ለወንዙ የተከፈተው በር ለመሬቱ የማይከፈትበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህ ለእናንተ፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፣ የምተወው ጥያቄ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው፣ ሁሉም እንዲጠይቅ ከተፈቀደ ፍርድ ቤቶች በክስ ይጥለቀለቃሉ፣ አስተዳደርም ሥራ መሥራት ያቅተዋል ሊል ይችላል። ሥጋቱ ተራ አይደለም። ስለዚህ የጊዜ ገደብ፣ አስቀድሞ ለአስተዳደር አካል አቤት ማለት፣ የማያግባባ ክስን በጊዜ መዝጋት የሚሉ ሥርዓቶች ያስፈልጋሉ፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ራሱ አቤቱታው በቅድሚያ ለአስተዳደር እንዲቀርብ በማድረግ ይህን መንገድ ጀምሯል። በር ላይ ጠባቂ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ በሩን ገንብቶ መድፈን ሌላ ነገር ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ንግግሬን የጀመርኩት ቤቱን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ በሄደው መንገደኛ ነው። ያ መንገደኛ ልቡ የሚያርፈው ጎረቤቱ ደግ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም። እንደሚመለስ ስለሚያውቅ ነው፤ ጎረቤቱም እንደሚመለስ ያውቃል። የሕዝብ አደራም የሚጸናው ባለቤቱ ተመልሶ «የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅበት ደጅ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው። ይህን ደጅ ክፍት አድርጎ ማቆየት የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው።